የእትዬ ደብሪቱ ሰላጣ

ደብረ ዘይት፣ ረፋድ ላይ፤ አልጋ የያዙ አማቷን፣ ባሏ ሰብስቤ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን የምታስታምመው ትርንጎ፣ የባሏ ታላቅ እህት እትዬ ደብሪቱ ጡረታ ወጥተው ከአዲስ አበባ እናታቸው ግቢ ከገቡ በኋላ በተከሉት የሰላጣ መደብ ዳር አካፋ ይዛ ቆማለች።

ደብሪቱ፦ አካፋውን አስቀምጪ አልኩሽ! በእጅሽ አንሺው።

ትርንጎ፦ በእጄ? እትዬ፣ የድመት ቆሻሻ እኮ ነው።

ደብሪቱ፦ የድመት አር በይው። ስሙን ብታሳምሪው ሽታው አይቀየርም። አካፋ ስታስገቢ ሥሩን ትበጥሺብኛለሽ፤ ትናንትም እንዲሁ አድርገሽ ችግኜን አድርቀሽብኛል።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ፌስታል እጄ ላይ ላጥልቅ።

ደብሪቱ፦ እናቴን ስታጸጂ ፌስታል ታጠልቂያለሽ?

ትርንጎ፦ አላጠልቅም።

ደብሪቱ፦ የለመደ እጅ ነዋ! አንሺ።

ትርንጎ፦ እሺ። ይኸው። ሌላ አለ?

ደብሪቱ፦ ከቆስጣው ሥር አለልሽ። ካሮት የዘራሁበት ላይም አለ። እዪ እንዴት አድርጋ እንደጫረችው! ገና አንገቱን ብቅ ያላደረገውን ዘር ገለባብጣ ገለባብጣ፣ መሃሉ ላይ ቁጭ ብላበት ሄደች።

ትርንጎ፦ ማናት የጫረችው?

ደብሪቱ፦ ድመትሽ ዳማ ናታ! ሌላ ማን አለ?

ትርንጎ፦ ዳማ አይደለችም። ዳማ ሌሊቱን ሙሉ እማማ እግር ሥር ተኝታ ነው ያደረችው። በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ መስኮት የለም?

ትርንጎ፦ እርስዎ አይደሉ በምስማር ያስመቱት? ድመቷ እንዳትወጣ ብለው። እማማ አየር አጥሯቸው ላብ በላብ ሆነው ነው የሚያድሩት።

ደብሪቱ፦ ጠበቃ ቆመሽላታል አይደል!

ትርንጎ፦ የሉካንዳው ድመቶች ናቸው እትዬ። ከአጥሩ ማዶ ጠግበው ይመጡና የተኮተኮተ አፈር ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። ድመት ለስላሳ አፈር ትወዳለች። እዚህ ቦታ የእማማ ጤና አዳምና ጦስኝ እያለ አንድም ቀን መጥተው አያውቁም።

ደብሪቱ፦ ነቀልሽው ልትዪኝ ነው?

ትርንጎ፦ ነቅለውታል እኮ።

ደብሪቱ፦ ጫካ ሆኖ ነበራ! ግቢ ነው የሚመስለው ወይስ የጠንቋይ ደጅ? አንቺ ደግሞ ዛሬ የድመት ሐኪም ሆነሽልኛል። ይልቅ ያልኩሽን ብታደርጊ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ትርንጎ፦ ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። በርበሬ በትኚ አሉኝ፣ በተንኩ።

ደብሪቱ፦ በተንሽና ነፋሱ ቤት ውስጥ አስገባው። እናቴ ስታስል አደረች።

ትርንጎ፦ ነፋሱን እኔ አላዘዝኩት። የብርቱካን ልጣጭ አሉኝ፣ ከጭማቂ ቤቱ ለምኜ አመጣሁ።

ደብሪቱ፦ ጉንዳን ሰበሰብሽብኝ።

ትርንጎ፦ የግራር እሾህ ዘረጋሁ።

ደብሪቱ፦ እኔን ወጋኝ።

ትርንጎ፦ ተናግሬ ነበር እኮ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ አሸዋ አፍስሼ ዳማን አለማመድኳት። የምትወጣው እዚያ ነው፤ ጠዋት ጠዋት አነሳለሁ። አሁን ይምጡና በዓይንዎ ይዩት፤ የዛሬው ገና አልተነሳም።

ደብሪቱ፦ ሄጄ አር ከአር ላስተያይ? ይሄን ያህል ዘመን ቢሮ ተቀምጬ ጡረታ የወጣሁት ለዚህ ነው?

ትርንጎ፦ ሽቦ እናልብሰው እንግዲያው። የዶሮ ሽቦ። ችግኙ እስኪጠና ብቻ ከላይ ብንዘረጋበት ምንም ድመት አይቆፍረውም። እኔ እሠራዋለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።

ደብሪቱ፦ ግቢዬን የዶሮ ቤት ልታስመስዪው! ተይው፣ መፍትሔውን አግኝቼዋለሁ። ቱፋን ጠርቼዋለሁ።

ትርንጎ፦ ባለጋሪውን? ለምን?

ደብሪቱ፦ ድመቷን ወፍጮ ቤት ያደርስልኛል። እዚያ አይጡ እንደ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚቆመው፤ ጠግባ ትኖራለች። በር ላይ እየጠበቀ ነው። አንቺ ከረጢት ውስጥ ታስገቢያታለሽ።

ትርንጎ፦ ዳማን?

ደብሪቱ፦ ሌላ ድመት ታውቂያለሽ?

ትርንጎ፦ እማማስ?

ደብሪቱ፦ እማዬ ምን ትሆናለች?

ትርንጎ፦ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሚታዘዝላቸው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነው። እሱንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያንቀሳቅሱት ዳማን ሲዳብሱ ነው። እሷ አጠገባቸው ካልተኛች ለማንኪያ አፋቸውን አይከፍቱም። ቁርስ ያበላኋቸው እሷን ደረታቸው ላይ አድርጌ ነው።

ደብሪቱ፦ እኔ ሳጎርሳት ጥርሷን ነው የምትነክስብኝ።

ትርንጎ፦ ቀስ ብለው ቢያባብሏቸው...

ደብሪቱ፦ አንቺ ስትገቢ ዓይኗ ይከተልሻል። አይቻለሁ። ከበሩ እስከ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ እስከ በሩ። እኔ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እኔ! የሆዷ ልጅ!

ትርንጎ፦ ስላልለመዱዎት ነው እትዬ። የመጡት ሰብስቤ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት...

ደብሪቱ፦ ጨርሺው። ከዚያ በፊት የት ነበርሽ ልትዪኝ ነው?

ትርንጎ፦ እኔ እንደዚያ አልወጣኝም።

ደብሪቱ፦ ፊትሽ ይላል። ትናንት ጸጉሯን ላበጥራት ገብቼ ምን እንዳደረገችኝ ታውቂያለሽ? ያንን የቀረላትን እጇን አነሳችና እጄን ገፋችው። እሺ ብዬ ማበጠሪያውን ይዤ ቆምኩ። በዚያው እጇ ድመቷን ጎትታ አቀፈቻት። ያ ሁሉ ዓመት በየበዓሉ ልብስ ስልክላት የኖርኩት እኔ፣ ከድመት አነስኩ!

ትርንጎ፦ ነገሩ ለካ የሰላጣው አይደለም።

ደብሪቱ፦ የሰላጣው ነው! የሰላጣው ነው አልኩሽ! አሁን ታመጪያታለሽ ወይስ ቱፋ ገብቶ በጅራቷ ይጎትታት?

ትርንጎ፦ ቆይ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዳማን ካስገባሁ የኔ ነገር ያበቃል?

ደብሪቱ፦ የምን ያንቺ ነገር?

ትርንጎ፦ የክፍሌ ነገር። ወንድሜ ከሞተ እሷ ምን ትሠራለች፣ ትውጣ ብለው ለዕድሩ ሰዎች ነግረዋል አሉ።

ደብሪቱ፦ ወሬ የሚያቀብልሽ አታጪም።

ትርንጎ፦ እውነት ነው?

ደብሪቱ፦ ቤቱ በእናቴ ስም ነው። እኔ ልጇ ነኝ። የሚባለው ይባላል።

ትርንጎ፦ እኔ ቤት አልፈልግም። እማማን እያስታመምኩ፣ እሳቸው እስካሉ ድረስ እዚያች ክፍል ውስጥ ልኑር። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ድመቷን እሰጥዎታለሁ፣ እኔን ግን ይተዉኝ።

ደብሪቱ፦ እተውሻለሁ።

ትርንጎ፦ ይማሉልኝ።

ደብሪቱ፦ ለድመት መሐላ?

ትርንጎ፦ ለእኔ ነው።

ደብሪቱ፦ በሰብስቤ አፅም። በቃሽ? ወንድሜን ከመቃብር አስነሳሽብኝ። ሂጂ አሁን አምጪያት።

ትርንጎ፦ ... ይኸው መጣሁ። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እማማ አሸልበዋል። እጃቸው ጀርባዋ ላይ ነበር፤ እንዳይነቁ አንድ አንድ ጣታቸውን ነው ያነሳሁት።

ደብሪቱ፦ ታሪኩን ተዪውና አስገቢያት። አፉን ከፍቼልሻለሁ።

ትርንጎ፦ ሹራቤን ይዛለች። ዳማ፣ ልቀቂኝ የኔ ቆንጆ። ውሮ ውሮ... ምንም አትሆኚም። ወፍጮ ቤት እኮ ነው፤ ሙቀት አለ፣ አይጥ አለ። እኔም ጤፍ ሳስፈጭ እየመጣሁ አይሻለሁ።

ደብሪቱ፦ ስንቅም ቋጥሪላት! ግፊያት በይ!

ትርንጎ፦ ጅራቷን እንዳይረግጡት... ገባች። አላለቅስም ብዬ ነበር። እባክዎ ላላ አድርገው ይሰሩት፣ አየር ታግኝ።

ደብሪቱ፦ ፈትታ እንድትመለስ ነው? አጥብቄ ነው የማስረው። ቱፋ! ና ውሰድ! የነገርኩህን እንዳትረሳ!

ትርንጎ፦ ቆይ ላሸክመው... እትዬ፣ ይሄ ከረጢት ምነው ከበደኝ? ዳማ እኮ ላባ ናት።

ደብሪቱ፦ ልቀቂለት፣ እሱ ያነሳዋል። ሂድ ቱፋ፣ ፈረሱን ምታው!

ትርንጎ፦ ከረጢቱ ውስጥ ምን አለ?

ደብሪቱ፦ ሄደ፣ ተገላገልን። ነይ መደቡን እንደልድለው።

ትርንጎ፦ ውስጡ ምን አለ አልኩዎት?

ደብሪቱ፦ ድንጋይ።

ትርንጎ፦ የምን ድንጋይ?

ደብሪቱ፦ መደቡን ስከብብ የተረፈ። ስከፍትልሽ ከሥሩ ነበር፤ አንቺ ስታለቅሺ መች አየሽ።

ትርንጎ፦ ወፍጮ ቤት ለምትሄድ ድመት ድንጋይ ምን ያደርግላታል?

ደብሪቱ፦ ወፍጮ ቤት ብወስዳት ሲመሽ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ሐኪሟ አንቺ ነሽ፤ ድመት ቤቷን እንደማትስት ታውቂ የለ? ሐይቁ ግን ጥልቅ ነው። ከዚያ የሚመለስ የለም።

ትርንጎ፦ ቱፋ! ቱፋ! ቁም! ኧረ ቁም በማርያም!

ደብሪቱ፦ አትጩሂ፣ ጎረቤት ለቅሶ መስሎት ይመጣብናል። አሁን እኮ አስፋልቱን ተሻግሯል። ፈረስ ልትቀድሚ ነው?

ትርንጎ፦ እቀድመዋለሁ! በቂርቆስ በኩል ባቋርጥ እደርሳለሁ። ይልቀቁኝ!

ደብሪቱ፦ አየሽ፣ እማዬን ቀሰቀስሻት። ኩባያውን በአልጋው ብረት እየመታች ነው። ሰማሽ?

ትርንጎ፦ እርስዎ ይግቡላቸው። እኔ ልሩጥ። ደርሼ መጣሁ!

ደብሪቱ፦ እኔ ገብቼ ግድግዳ ልታሳየኝ? አልገባም። ሩጪ ከፈለግሽ። ከአልጋው ብትወድቅ አንቺ ሐይቅ ዳር ድመት ስታጠምጂ ነበር እላለሁ።

ትርንጎ፦ እትዬ፣ እግርዎ ሥር ልውደቅ። እዚያው አጠገባቸው መቆም ብቻ ነው!

ደብሪቱ፦ ብረቱን ስትመታው ስሚ። ምረጪ።

ትርንጎ፦ መጣሁ እማማ! መጣሁ!

ደብሪቱ፦ ጎሽ። ሰው ይቀድማል።

ትርንጎ፦ ... ትራሱን ከፍ አደረግኩላቸው። እዚያው እንዳሉ አንሶላውን ይዳብሳሉ። ከእግራቸው ጀምረው እስከ ደረታቸው፣ ዳር ዳሩን ሁሉ። ከዚያ እኔን ያዩኛል። ውሃ ስሰጣቸው ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ደብሪቱ፦ ትለምደዋለች። እኔ ስንቱን ለምጄዋለሁ።

ትርንጎ፦ አሁን ውሃው ውስጥ ገብታለች።

ደብሪቱ፦ ማን?

ትርንጎ፦ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እያባበልኩ። ምንም አትሆኚም እያልኩ።

ደብሪቱ፦ ለዚህ ነዋ ላንቺ የሰጠሁሽ። እኔን ብትሆን ትቧጭረኝ ነበር። አንቺን አምናሽ ገባች።

ትርንጎ፦ እትዬ።

ደብሪቱ፦ ምን አልሽ?

ትርንጎ፦ ዞር ብለው መደብዎን ይዩ።

ደብሪቱ፦ ምን ሆነ... ወግድ! ወግድ አንተ! ከየት መጣ ይሄ?

ትርንጎ፦ የሉካንዳው ነብርማ ነው። ካሮቱ ላይ ቁጢጥ ብሏል። አይልፉ፣ ጨርሶ ነው የሚሄደው።

ደብሪቱ፦ ድንጋይ አቀብዪኝ! ምን ይገትርሻል?

ትርንጎ፦ የተረፈውን ከረጢት ውስጥ ከተውታል።

ደብሪቱ፦ ትስቂብኛለሽ?

ትርንጎ፦ አልሳቅኩም። መሳቅ ቢሆንልኝ ጥሩ ነበር።

ደብሪቱ፦ ሳቅሽ! ጥርስሽን አይቼዋለሁ። እሷ አልነበረችም ልትዪኝ ነው፤ ለሉካንዳው ወሮበላ ብለሽ እማዬን ድመቷን ነጠቅሻት ልትዪኝ ነው። እንግዲያው እኔም ልንገርሽ። ክፍሉን እፈልገዋለሁ።

ትርንጎ፦ በሰብስቤ አፅም ምለዋል።

ደብሪቱ፦ ሰብስቤ ወንድሜ ነው። ከሱ ጋር እኔው እታረቃለሁ።

ትርንጎ፦ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም እኮ ያሉት።

ደብሪቱ፦ ልጅ ወልደሽለት ቢሆን የወንድሜ ዘር ነው ብዬ ራሴ ላይ አስቀምጠው ነበር። ባዶ ሆድሽን ይዘሽ ገባሽ፣ ባዶ ሆድሽን ይዘሽ ትወጪያለሽ። ክፍሉን አፈርሰውና መደቡን እስከ አጥሩ ድረስ እወስደዋለሁ። ቲማቲም እተክልበታለሁ።

ትርንጎ፦ ሰብስቤ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው ነፍሱ የወጣችው።

ደብሪቱ፦ አፈሩ ጥሩ ይሆናል ማለት ነዋ። ምን ታፈጪብኛለሽ? እንደምታስቢኝ ጨካኝ አይደለሁም። ዛሬ ውጪ አላልኩሽም፤ እስከ ፋሲካ ቆዪ። እስከዚያ ለእማዬ ደህና ሠራተኛ አፈላልጋለሁ። ታሳያታለሽ፣ ታለማምጃታለሽ፣ ከዚያ በሰላም ትሄጃለሽ።

ትርንጎ፦ ፋሲካ ሩቅ ነው። አሁን እሄዳለሁ።

ደብሪቱ፦ አሁን?

ትርንጎ፦ ሞጆ አክስቴ አለች። ዕቃዬ አንድ ሻንጣ ነው፤ ሰብስቤ ሲያመጣኝም ከዚያ በላይ አልያዝኩም።

ደብሪቱ፦ ማን ገፋሽ? ፋሲካ አልኩሽ እኮ! ዛሬ ተነስተሽ ስትሄጂ እማዬን ማን ያያታል?

ትርንጎ፦ ልጃቸው እርስዎ አሉ።

ደብሪቱ፦ እኔ ወገቤን ያመኛል።

ትርንጎ፦ ጎንበስ ብለው ሰላጣ ሲኮተኩቱ ነው የሚውሉት። አሁን ይስሙኝ፣ ደግሜ አልናገርም። በግራ ጎናቸው ነው ያሉት፤ ወደ ቀኝ መዞር አለባቸው። ካልዞሩ ዳሌያቸው ላይ ያለው ቁስል ይከፈታል።

ደብሪቱ፦ የምን ቁስል?

ትርንጎ፦ አላዩትም? ለነገሩ ገልጠው አያውቁም። ሲያዞሯቸው ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ይዘው ነው፤ ክንዳቸውን እንዳይጎትቱ፣ ያማቸዋል። ዳይፐሩ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሲቀይሩላቸው ውሃው ለብ ይበል። ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ከዚያ ቅባቱን...

ደብሪቱ፦ በቃ! በቃሽ! እኔ ሽታ አልችልም፣ ታውቂያለሽ። ባለፈው በሩ ላይ ቆሜ እንኳ አስመለሰኝ።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ። የጠረግኩት እኔ ነኝ።

ደብሪቱ፦ ነይ እስቲ ተቀመጪ። ሁለት ሴቶች ነን፣ በንዴት ነው የተነጋገርነው። ድመት እኮ ናት ትርንጎ! ሌላ አመጣልሻለሁ። ነጭ፣ ጸጉራም፣ ከፈረንጅ ቤት።

ትርንጎ፦ እማማ ነጭ ድመት አያውቁም።

ደብሪቱ፦ ክፍሉ ይቅር። አላፈርሰውም። የዕድሩን ዳኛ አስጠርቼ ፊትሽ እነግረዋለሁ።

ትርንጎ፦ አሁን ደግሞ በማን ይምላሉ?

ደብሪቱ፦ በፈለግሽው! በእናቴ!

ትርንጎ፦ እሳቸውን እንኳ ይተዉልኝ።

ደብሪቱ፦ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ ደግሞ! አስቀምጪ። አስቀምጪ አልኩሽ! እንዴት ያለሽ ጨካኝ ነሽ? እሺ እኔ በደልኩሽ። እሷ ምን አደረገችሽ?

ትርንጎ፦ ምንም። ሰብስቤን ቀብሬ ስመለስ በዚያች በአንድ እጃቸው ነጠላዬን ገፍፈው እንባዬን የጠረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ሳልሰናበታቸው የምወጣው ለዚህ ነው። ገብቼ ዓይናቸውን ካየሁ እቀራለሁ። ከቀረሁ ደግሞ ነገ እሳቸውን ይዘው ያስፈራሩኛል፤ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ። ቅድም ብረቱ ሲመታ ምረጪ አሉኝ፣ መረጥኩ። ሁለተኛ አልመርጥም።

ደብሪቱ፦ ሰው ምን ይለኛል? የወንድሟን ሚስት አባረረች፣ እናቷ በቁስል ሞተች ይሉኛል!

ትርንጎ፦ ሊሉዎት ይችላሉ።

ደብሪቱ፦ ሌሊት ብትታመምብኝስ? ብታንቀኝስ፣ ብትነክሰኝስ? አታውቀኝም እኮ!

ትርንጎ፦ እጅዎን ሲያውቁት ይተዋሉ። እኔንም መጀመሪያ አካባቢ ገፍተውኛል።

ደብሪቱ፦ ስንት ጊዜ ይፈጅባታል?

ትርንጎ፦ እኔ አልቆጠርኩም።

ደብሪቱ፦ ትርንጎ! በሩን እንዳትከፍቺው! ስሚ፣ እያቃሰተች ነው። እያለቀሰች እኮ ነው! ሽታውም እስከዚህ መጣ። አንቺን ነው የምትፈልገው!

ትርንጎ፦ እኔ የሞተው ልጃቸው ሚስት ነኝ። በሕይወት ያለሽው ልጃቸው አንቺ ነሽ፣ ደብሪቱ። እጅጌሽን ሰብስቢና ግቢ።